በአያ ገበየሁ አፍ የተናገርኩት

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ደወለልኝ። የኮምፒዩተሩ ፓወር ሳፕላይ ተቃጥሎበት አዲስ ገዝቷል። ዳንኤል እጁ ሥራ ይወዳል፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም።

“ማሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለኝ። “የአሮጌው ገመዶች ውስጥ ውስጡን ተስተካክለው ተዘርግተዋል። እነሱን ለመንቀል ምን አደከመኝ? ሳጥኑን ብቻ ቀይሬ የድሮዎቹን ገመዶች አዲሱ ላይ ብሰካቸውስ? ሞክሬያቸዋለሁ፣ ልክክ ብለው ነው የሚገቡት።”

“እንዳታበራው! ዳንኤል፣ ንቀለው፣ እንዳታበራው!”

ድምፄ እኔኑ መልሶ አስደነገጠኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ከስልካቸው ቀና ብለው አዩኝ። ዳንኤል ሳቀ። “በሰደር፣ በሰደር፣ እሺ! ምን ሆነሻል? ቦምብ ነው እንዴ?” የአንዱን ገመድ ከሌላው ጋር መሰካት ምን እንደሚያደርግ አስረዳሁትና ከአዲሱ ጋር የመጡትን ብቻ እንዲጠቀም ቃል አስገባሁት። “አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?” ሲለኝ፣ “አንድ ጊዜ አቃጥዬ አውቃለሁ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ውሸት አይደለም፤ አቃጥዬ አውቃለሁ። ግን ከታሪኩ ትንሿንና ቀላሏን ቁራጭ ነው የሰጠሁት። ባቡሩ ኪርያት አርዬ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ሲቆም ሰው ሲወርድና ሲሳፈር በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የድሮው ወርክሾፓችን በነበረበት በኩል አሁን መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ወዲያው ፊቴን ወደ ውስጥ መለስኩ። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎትም ያን ቦታ ቀና ብዬ አላየውም።

ያኔ ይህ የከተማ ቀላል ባቡር አልነበረም። ከምንኖርባት ከፔታ ቲክቫ መሐል ከተማ ተነስተን ወደ ኪርያት አርዬ የምንሄደው በአውቶቡስ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከጸባ፣ ከውትድርናው ማለቴ ነው፣ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሁለት ሺህ አሥር ጥቂት ዓመት አለፍ ያለ ነው። ክረምት ነበር። የእስራኤል ክረምት የሚመጣው በታኅሣሥና በጥር ነው። ዝናብ ሲዘንብ በመንገዱ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች ይሸቱና፣ ከጋራዦቹ የሚመጣው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ይቀላቀልባቸዋል። ዛሬም ያ ሽታ ከመጣብኝ ያ ዓርብ አብሮት ይመጣል።

ወርክሾፓችን በአንድ ጋራዥና በአንድ የመስኮት ፋብሪካ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት ነበረች። ለቢሮዎችና ለሱቆች እንደ ትእዛዛቸው ኮምፒዩተር እንገጣጥም ነበር። አለቃችን ኮቢ የሚባል፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር። እኔ ከገጣጣሚዎቹ አንዷ ነበርኩ። ካርቶን የሚከፍቱት፣ ዕቃውን የሚለዩትና ለእያንዳንዱ ሥራ የሚያስፈልገውን በትሪ አዘጋጅተው የሚያቀርቡልን ደግሞ አያ ገበየሁ ነበሩ።

አያ ገበየሁ የወገራ ሰው ነበሩ፤ አገር ቤት ሸማኔ ነበሩ። ወደ እስራኤል የሚመጡበትን ቀን ሲጠብቁ ጎንደር ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። እዚህ ከገቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ዕብራይስጡ ግን እምቢ አላቸው። ኡልፓን የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት አስገብተዋቸው ነበር። “መምህሯ ልጄን አታክልም፤ ፊደሉም ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤ ከየት ልያዘው?” እያሉ ይስቁ ነበር። ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ። በበጋም በክረምትም አንዲት ሰፊ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ኪሷ ቆሎ አያጣም። ሰው ሁሉ በየማሽኑ ተደፍቶ ሳለ ከወንበር ወንበር እየዞሩ በመዳፋችን ላይ ቆሎ ይቆነጥሩልን ነበር፤ ለኮቢም ጭምር።

እውነቱን ልናገር ከተነሳሁ ይህንንም ልናገር። በእርሳቸው አፍር ነበር። ጠዋት ሲገቡ ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን ሰው ሰላም ማለታቸው፣ ካፖርታቸው፣ ቆሎው፣ ኮቢ ሲያናግራቸው ሳይገባቸው “ቶዳ፣ ቶዳ” እያሉ ማመስገናቸው ያሳፍረኝ ነበር። ወላጆቼ ቤት ቢመጡ ተነስቼ እጅ የምነሳቸውን ሰው፣ እዚያ ግን ሌሎቹ ገጣጣሚዎች ከእርሳቸው ጋር እንዳይደምሩኝ እሸሻቸው ነበር። የማልሸሽበት አንድ ጊዜ ቢኖር ኮቢ ሲፈልገኝ ነው። “ማሬ፣ እንዲህ በያቸው። ማሬ፣ ምን አሉ?” እርሳቸው አንድ ቃል ዕብራይስጥ አይናገሩም፣ ኮቢ አንድ ቃል አማርኛ አይሰማም። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ነበርኩ፤ ይህም ትልቅ ሰው ያደረገኝ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ገመዶቹ ነገር፣ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ፓወር ሳፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያከፋፍል የብረት ሳጥን ነው። አንዳንዱ ገመዱ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ገመዶቹ ለብቻ በከረጢት ይመጣሉና የሚያስፈልገው ብቻ ተመርጦ ይሰካል። እኛ የምንሠራው በዚህ በሁለተኛው ነበር፤ ትርፍ ገመድ ውስጡን ስለማያጨናንቀው ንጹሕ ሥራ ይወጣዋል። አንድ አደጋ ግን አለው። ገመዱ ወደ ዲስኩ የሚገባበት ጫፍ የትም ቦታ አንድ ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባበትን ጫፍ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደመሰለው ነው የሚሠራው። ሲያዩት ይመሳሰላል፣ ሲሰኩትም ይገባል። ነገር ግን አንዱ ፋብሪካ ዝቅተኛውን ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍበት ሽቦ ሌላው ከፍተኛውን ያሳልፍበታል። ተሳስቶ የሰካ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ከጫፉ ያለው ዕቃ ይቃጠላል፤ ለማሰብም ጊዜ አይሰጥም።

ወደ ወርክሾፓችን የሁለት ፋብሪካ ሳጥኖች ይገቡ ነበር። ትርፍ ገመዶችም ስለማይጣሉ በአንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይጠራቀማሉ። ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ የማያነቡት አያ ገበየሁ ከቤታቸው ክር አምጥተው ለአንደኛው ፋብሪካ ገመዶች ቀይ፣ ለሌላው ሰማያዊ ክር ያስሩባቸው ጀመር። በእያንዳንዱ ገመድ አንገት ላይ፣ ጥብቅ ባለች በትንሽ ቋጠሮ።

“ይህ ምንድን ነው አያ ገበየሁ?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ቁጠሪው” አሉኝ ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ይዘው። “ይህኛው አምስት ሽቦ ነው፣ አንዷ ቀዳዳ ባዶ ናት። ያኛው ስድስት፣ ሁሉም ሙሉ ነው። ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፤ ሠሪያቸው ግን አንድ አይደለም። በይ ልጄ፣ ቀዩን ከቀዩ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው፤ እንዳትቀላቅይ።”

“በሰደር” ብያቸው ወደ ወንበሬ ሄድኩ። ማንም ከፍቶ ያላሳያቸውን ነገር በዓይናቸው ብቻ ደርሰውበት ነበር። እኔ የሽማግሌ ነገር አድርጌ አለፍኩት። ኮቢም በመጀመሪያው ሳምንት ገመድ አትቀላቅሉ ብሎን ነበር፤ ግን ኮቢ የማይለው ነገር የለም።

ያ ዓርብ መጣ። ዓርብ የምንሠራው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ኮቢ ከጠዋት ትኩስ፣ ሳምቡሳ መሳይ ቡሬካስ ይዞ ይገባል፤ አያ ገበየሁ ደግሞ ባለቤታቸው ለሰንበት የምትጋግረውን ድፎ ዳቦ ቁራሽ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ለኔ ሁልጊዜ ግማሹን ይቆርሱልኝ ነበር። በዚያ ጠዋት እጄ ላይ የነበረው የአንዲት ፎቶግራፍ አንሺ ኮምፒዩተር ነው። ሴትዮዋ መሐል ከተማ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበራት፤ የምታነሳው ሠርግ ነበር። የድሮው ኮምፒዩተሯ ስለሞተባት አዲስ አዘዘች፤ ካሮጌው የወጡትን ሁለት ዲስኮችም አምጥታ ሰጠችን። የዚያን የበጋ ሠርጎች ሁሉ በእነሱ ላይ ናቸው። “አደራ” አለች ለኮቢ፤ በዕብራይስጥ ነው ያለችው፣ ግን ቃሉ ሌላ አይደለም። ኮቢ ወደኔ ዞረና፣ “ይህን እኩለ ቀን ላይ ካስረከብሽ ከእሑድ ጀምሮ የገጣጣሚዎቹ ኃላፊ አንቺ ነሽ” አለኝ።

ጣቴ ሁሉ ክንፍ አወጣ። አራት ሰዓት ሲሆን ሁሉን ጨርሼ የቀሩኝ እነዚያ ሁለት ዲስኮች ብቻ ነበሩ። ኤሌክትሪክ የሚወስድላቸው አንድ ገመድ ጎደለኝ። ሳጥኔ የሰማያዊ ክሩ ወገን ነው፤ በከረጢቱ የነበረውን ለሌሎቹ ዲስኮች ተጠቅሜበታለሁ። አያ ገበየሁን ብጠራ ያመጡልኛል፤ እርሳቸው ግን በስተኋላ በር በዝናብ ካርቶን እያስገቡ ነበር። እኔው ራሴ ወደ ትርፍ ገመዶቹ ዕቃ ሄጄ እጄን ከተትኩ። መጀመሪያ የወጣችው ገመድ ቀይ ክር ነበረባት።

ቀዩን አይቼዋለሁ። ምነው አላየሁም ማለት በቻልኩ። አይቼው፣ ለአንድ አፍታ እጄ ቆም ብሎ፣ “ልሰካት፤ ከገባች ገባች ነው” አልኩ በልቤ። ገባች። ቀጭ ብላ፣ በቦታዋ እንዳለች ሁሉ። ማብሪያውን ተጫንኩት።

አንዲት ትንሽ “ጥዝ” የምትል ድምፅ፣ ከዚያ የተለበለበ ፀጉር የሚመስል ሽታ። ማሽኑ ወዲያው ጠፋ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። አንዱን ዲስክ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ሽታው ከእርሱ ነው፤ ሁለተኛውም ያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን እጄ ነው ያደረገው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ። ከመሳቢያዬ መቀስ አውጥቼ ቀዩን ክር ቆረጥኩት፤ ወደ ኪሴ ከተትኩት። ኮቢ ሽታውን ተከትሎ ሲመጣ፣ “ምን ሆነ?” ሲል፣ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የጠበቀኝን ቃል ተናገርኩ፤ “እንጃ፤ ትሪው ላይ የቀረበልኝን ገመድ ነው የሰካሁት።”

ኮቢ ገመዱን አገላብጦ አየው። ሥራውን ያውቃልና ወዲያው ገባው። ፊቱ ተለወጠ። “ሽማግሌው ቀላቅለውታል” አለ። “ጥሪያቸው።”

ትንሿ ቢሮው ውስጥ ሦስታችን ቆምን። ከአያ ገበየሁ ካፖርት ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ኮቢ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ “ይህን ከየትኛው ከረጢት እንዳወጡት ጠይቂያቸው” አለኝ። ጠየቅኳቸው። አያ ገበየሁ ገመዱን አንስተው በጣታቸው ሽቦዎቹን ቆጠሩ። ከዚያ አንገቱን ዳሰሱት፣ ቋጠሮው የነበረበትን።

“ይህ የቀዩ ወገን ነው” አሉ በእርጋታ። “እኔ ከሰማያዊው ጋር አላስቀመጥኩትም። ዛሬም በትሪዋ ላይ አላኖርኩትም። ክር ሳላስርበት የለቀቅኩት አንድም ገመድ የለም፤ የዚህ ክር የት እንደሄደ አላውቅም። ከዛሬ ሦስት ወር ጀምሮ እንዲህ እንደምሠራ ማሬም ታውቃለች። እስዋን ጠይቃት።”

ኮቢ ወደኔ ዞረ። “ምን አሉ?”

“ሁ ሎ ባቱአህ” አልኩ። እርግጠኛ አይደሉም።

“ይህን ሁሉ ተናግረው ያ ብቻ ነው?”

“ያ ብቻ ነው።”

አያ ገበየሁ አፍ አፌን ያዩ ነበር። የምናገረው የእርሳቸውን ቃል መስሏቸው በየቃሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አዎ፣ አዎ፣ እንዲያ በይው፣ እንደሚል ሰው።

እኩለ ቀን ላይ ፎቶግራፍ አንሺዋ መጣች። ኮቢ ራሱ ነገራት። አልጮኸችም። ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ሁለቱን ዲስኮች ጭኗ ላይ አኑራ፣ የሙሽሮችን ስም እያነሳች ለራሷ ትቆጥር ጀመር። የአንዷ ሙሽራ አያት ከሠርጉ በኋላ ሞተዋል፤ የመጨረሻ ፎቶግራፋቸው እዚያ ነው ያለው አለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። እኔ ቡሬካስ የተቀመጠበትን ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ታጥቦም ቢሆን ደጋግሜ አጠብኩት።

ከሄደች በኋላ ኮቢ፣ “ከእሑድ ጀምሮ እንዳይመጡ ንገሪያቸው” አለኝ። “አላዝንባቸውም፣ ግን ማንበብ የማይችል ሰው እዚህ ማቆየቴ የኔ ጥፋት ነው።” ይህንንስ በትክክል ተረጎምኩት። አያ ገበየሁ ለኮቢ ጎንበስ ብለው “ቶዳ” አሉት።

አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን ሄድን፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። ዝናቡ ቀጥሏል። ከመጠለያው ሥር ቆመን ሳለ ጨርቁን ፈቱና ዳቦውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጡኝ።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አሉኝ። “ቅድም ለአለቃው ስትነግሪው ስለ ቢቱአህ ምን አነሳሽ? ከቢቱአህ ለኡሚ የማገኘውን ድጎማ ልትነግሪው ነው? ያስቆርጡብኛል ብዬ ፈራሁ።”

ቢቱአህ ለኡሚ ማለት የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ነው፤ ከኛ ሰው ዕብራይስጥ የማይሰማ ቢኖር እንኳ ይህን ስም የማያውቅ የለም። “ባቱአህ” ያልኩትን እርሳቸው “ቢቱአህ” ብለው ሰምተውታል።

“አይደለም አያ ገበየሁ፤ ሌላ ነገር ነው” አልኳቸው።

“ጎሽ። እንዲያ ከሆነ ግድ የለም” አሉ። አውቶቡሳቸው መጣና ሄዱ። ክሩን ከኪሴ አውጥቼ ማቆሚያው ላይ ከተሰቀለው ቆሻሻ መጣያ ከተትኩት። ዳቦውን ግን በላሁት። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም፤ ርቦኝ ነበርና በላሁት።

እሑድ የገጣጣሚዎቹ ኃላፊ ሆንኩ። በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ተኝቼ ሳለሁ ከሳሎን የአያ ገበየሁን ድምፅ ሰማሁ። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በደል ሲደርስ የተበደለው ሰው ወደ ልጅቱ አባት ይመጣል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። አባቴ በሰው ፊት የሚያዋርደው ነገር ከሚሰማ ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነበር። በሩ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። አባቴ፣ “ከሥራ ወጡ አሉ፤ ምን ሆነው ነው?” ሲላቸው የበሩን እጀታ ጨበጥኩ።

“ዓይኔ ደከመ” አሉ አያ ገበየሁ። “ልጅዎ ግን ጎበዝ ናት፤ አለቃው ይወዳታል።”

እናቴ ብርቱካን ልጣ እንዳቀርብ ጠራችኝ። አቀረብኩ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ሲሄዱ እስከ ደረጃው እንድሸኛቸው አባቴ አዘዘኝ። ደረጃው ላይ ቆም አሉ።

“ልጄ ነገረችኝ” አሉ። “ባቱአህ ማለት እርግጠኛ ማለት ነው አለችኝ። ሎ ባቱአህ ደግሞ እርግጠኛ ያልሆነ።” ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ።

እሑድ ጠዋት ኮቢ ጋ ገብቼ ሁሉን ነገርኩት። ሥራዬን እንደሚያስለቅቀኝ፣ እርሳቸውን መልሶ እንደሚጠራ አስቤ ነበር። ኮቢ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። “አሁን ምን ላድርግ ማሬ? ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ። ለሴትዮዋም ነገሩ አልቋል፤ እንደገና ባላጋን፣ ትርምስ፣ አታምጪብኝ። ያላ፣ ወደ ሥራሽ።” ኑዛዜዬን እንደ ትርፍ ካርቶን አጥፎ ወደ ጥግ አስቀመጠው። ሁለት ሳምንት ቆይቼ እኔው ለቀቅኩ። ይህን ግን እንደ ቅጣት አልቆጥረውም፤ ወዲያው ሌላ ሥራ አገኘሁ።

ወደ እርሳቸው ለመሄድ ግን እስከ ጸደይ ድረስ ድፍረት አላገኘሁም። ክፋር ጋኒም በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሥራ ገብተው ነበር። ግቢው ውስጥ ሸሰክ የሚሉት የፍራፍሬ ዛፍ ነበር፤ ብጫ ፍሬው መሬት ላይ ተፈጥፍጦ ንብ ሰፍሮበታል። አያ ገበየሁ በመጥረጊያ ያን ይሰበስቡ ነበር። ሲያዩኝ እንደ ድሮው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ፤ የአባቴን፣ የእናቴን ደህንነት ጠየቁኝ። ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ክሩንም መቀሱንም። ለኮቢ እንደተናገርኩም ነገርኳቸው።

“ከሥራ ካስወጣኝ በኋላ?” አሉ።

“አዎ፤ በኋላ።”

መጥረጊያቸውን ተደገፉ። “ገመዱ ይሁን” አሉ። “ወጣት ነሽ፤ ቸኮልሽ። ሥራውም ይሁን፤ ይኸው ሌላ አገኘሁ። ለአባትሽም ያልነገርኩት እርሳቸው ምንም ስላላደረጉኝ ነው። እኔን ያሳመመኝ አንድ ነገር ነው። እኔ እዚህ አገር አፍ የለኝም፤ አፌ አንቺ ነበርሽ። በገዛ አፌ ነው የመሰከርሽብኝ።”

“ይቅር ይበሉኝ” ብዬ ወደ እግራቸው ዝቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። አላልኩሽምም አላሉም። “ደወሉ ሊደወል ነው፤ ልጆቹ ሳይወጡ ልጨርስ” ብለው ወደ መጥረጋቸው ተመለሱ። ከበሩ ዞር ብዬ ሳይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ያቺ ካፖርት በፀሐይዋም አልወለቀችም።

ከዚያ ወዲህ በሠርግና በበዓል እንገናኝ ነበር። ሰላም ይሉኛል፣ የቤተሰብ ደህንነት ይጠይቁኛል፤ ስለ ሥራዬ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ያረፉት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለቅሶ ሄጄ ሴቶቹ መካከል ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጃቸው ውኃ ስታድል እኔ ጋ ደርሳ፣ “የአባዬ ምን ነሽ?” አለችኝ። ያን “ባቱአህ” የተረጎመችላቸው እስዋ መሆኗ ነው። ፊቴን አላወቀችውም። “አብረን ሠርተናል” አልኳት። “እግዜር ይስጥልን” አለችኝና አለፈች።

ሰው ጊዜ ሲያልፍ ኀፍረት ይለዝባል ይላል። የኔው አልለዘበም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። በፊት በፊት ሳስበው የተቃጠሉት ፎቶግራፎች ያሳፍሩኝ ነበር፤ ለዚያች ሴትዮም እስከ ዛሬ ድፍረት አግኝቼ እውነቱን አልነገርኳትም። ከዚያ ክሩን መቁረጤ። አሁን፣ ወደ አርባው እየተጠጋሁ ስመጣ፣ ከሁሉ በላይ የሚመለስብኝ እነዚያ የራስ መነቅነቆች ናቸው፤ ሰው እየካድኩት እያለ በየቃሌ አዎ፣ አዎ ሲለኝ።

ባለፈው ወር ለራሴ ጉዳይ ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሄጄ ተራ ስጠብቅ ነርሷ ወጥታ አማርኛ የሚችል ሰው ጠየቀች። አንዲት አሮጊት እናት ከሐኪሙ ጋር መግባባት አቅቷቸዋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ስጠየቅ እፈራለሁ፤ ግን እምቢ ብዬ አላውቅም። ገባሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳይነቅል መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጡ እንድጠይቃቸው ነገረኝ።

“እንዲህ በይው” አሉኝ አሮጊቷ። “ሦስት ጊዜ መጣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፊቴን አላየኸውም በይው። ሰው የማያይ ሰው የሰጠኝን ነገር አልውጥም በይው።”

አንድም ቃል ሳልቀንስ፣ ሳላለሰልስ፣ ሳላሳምር ነገርኩት። የሐኪሙ እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ፊታቸውን አያቸውና ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይጠይቃቸው ጀመር።

ስንወጣ አሮጊቷ እጄን ያዝ አድርገው፣ “ልጄ፣ እንዳልኩት ነው የነገርሽልኝ?” አሉኝ።

“እንዳሉት ነው እማማ። ምንም አልጎደለም።”

“እሰይ” አሉና እጄን ሳሙት። አመኑኝ። ከማመን በቀር ምን አማራጭ ነበራቸው? እውነት ነበር የነገርኳቸው። ግን እንደ ሌባ ዓይኔን ሰብሬ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ ወጣሁ።